የአንድ ቀን ጫጩት ማሞቂያ እንዴት ይሠራል? ለባሕር ዳር ሌሊት የሚሆን

ባሕር ዳር ሞቃት ናት ይባላል። ቀን ቀን እውነት ነው። ዘንባባ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ላቡን የሚጠርግ ሰው «ለጫጩት ደግሞ ምን ማሞቂያ ያስፈልጋል?» ቢል አይፈረድበትም። እኔም ብዬ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሥ 50 የአንድ ቀን ጫጩት ገዛሁ። ካርቶን ውስጥ አስገባኋቸው፣ አንድ አምፖል አንጠለጠልኩላቸው፣ ተኛሁ። ሌሊት መብራት ሄደ። ጠዋት ስነሣ ካርቶኑ ጥግ ላይ ተደራርበው አገኘኋቸው። ከሥር የነበሩት 11 ታፍነው ሞተዋል።

ያን ቀን የገባኝ ነገር፣ ማሞቂያ የሚሠራው ለቀን ሳይሆን ለሌሊቱ 10 ሰዓት መሆኑ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። የአንድ ቀን ጫጩት ደግሞ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል።

ለምን ይህን ያህል? ጫጩት ስትፈለፈል የለበሰችው ለስላሳ ጠጉር እንጂ ላባ አይደለም። የራሷን ሙቀት ጠብቃ መያዝ ገና አልቻለችም። በነዚያ ቀናት ከዶሮ ይልቅ ለእንሽላሊት ትቀርባለች። ጠዋት ጠዋት የድንጋይ አጥር ላይ ወጥታ ፀሐይ የምትሞቀውን እንሽላሊት አስቧት፤ ሲበርዳት ወደ ፀሐይ፣ ሲሞቃት ወደ ጥላ። ፈረንጆቹ እባብ ቤታቸው ሲያሳድጉ እንኳ (ይህን ለጎረቤቶቼ ስነግር ያማትባሉ) የመስታወት ሳጥኑን የሚያሞቁት በዚሁ ዘዴ ነው። አንዱ ጫፍ ይሞቃል፣ ሌላው ቀዝቀዝ ይላል፣ እባቡ የሚስማማውን ይመርጣል። እኛም የምንሠራው ይህንኑ ነው።

ቦታውና ክቡ

ንፋስ የማይገባበት፣ ግን አየር ያለው ክፍል ምረጡ። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ለእኛ ደስ ይላል፣ ለጫጩት ግን ጠላት ነው። ወደ ሐይቁ የሚከፈት መስኮት ካለ ጫጩቶቹን ከሥሩ አታድርጉ። መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋትም አያዋጣም፤ የኩሳቸው ሽታ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። በሩ ደግሞ ሌሊት በደንብ መዘጋት አለበት። ድመት፣ አይጥና ሸለምጥማጥ ከእናንተ ቀድመው ያውቋቸዋል።

ቀጥሎ ክብ አጥር ሥሩ። ክብ ያልኩት ለማማር አይደለም። ጫጩት የሚሞተው ጥግ ላይ ነው፤ ክብ ደግሞ ጥግ የለውም። ለ50 ጫጩት ከዳር እስከ ዳር 1.5 ሜትር የሆነ ክብ ይበቃል። ለዚያ 5 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 45 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ካርቶን ያስፈልጋል። የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን ቆርጣችሁ በሽቦ አያይዙት። ሲያድጉ ከፈት እያደረጋችሁ ታሰፉታላችሁ።

ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ሙቀቱን ከሥር ይመጠዋል። መጀመሪያ ጠፍጣፋ ካርቶን ወይም ጆንያ አንጥፉ። ከዚያ በላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ጎረቤታችን ፎገራ ሩዝ አምራች ስለሆነ የሩዝ ቅርፊት ከወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች እንደልብ ይገኛል። ቀላል ነው፣ ደረቅ ነው፣ እርጥበት አይዝም። ካላገኛችሁ ሻካራ ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ጭድ ይሆናል። በጣም የላመ ሰጋቱራ ግን ምግብ መስሏቸው ይበሉታል። የሻገተ ጭድም ሳንባቸውን ይጎዳል። ጋዜጣ ብቻ ካነጠፋችሁ እያንሸራተታቸው እግራቸው ወደ ጎን ተከፍቶ ይቀራል።

አምፖሉ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኤልኢዲ አምፖል ጫጩት አያሞቅም። ብርሃን አለ ብላችሁ እንዳትታለሉ። የሚያስፈልገው ወይ የድሮው ባለ ሽቦ 100 ዋት አምፖል፣ ወይ ለዚሁ ሥራ የተሠራው ባለ 250 ዋት ቀይ የማሞቂያ አምፖል ነው። ቀዩ ይሻላል፤ ብርሃኑ ለዓይናቸው ስለማይከብድ ሌሊት ተረጋግተው ይተኛሉ፣ እርስ በርስ መነካከስም ይቀንሳል። ወጪውን ማወቅ ለሚፈልግ፣ 250 ዋት አምፖል 24 ሰዓት ሲበራ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል።

እኔ ግን አሁን አሁን በአንድ ትልቅ ፈንታ ሁለት አነስተኛ አምፖል ነው የምሰቅለው። አንዱ ሌሊት ቢቃጠል ሌላው እስኪነጋ ያቆያቸዋል።

የአምፖሉ መያዣ የሸክላ ይሁን፤ የፕላስቲኩ ይቀልጣል። አምፖሉን በራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ አታንጠልጥሉት። ከጣሪያው ወይም ከተጋደመ እንጨት ላይ በሰንሰለት ወይም በወፍራም ሽቦ እሰሩት፣ ቢበጠስ የሚይዘው ሁለተኛ ማሰሪያም ጨምሩበት። ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ የወደቀ ትኩስ አምፖል ጫጩቶቹን ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው። ከጉዝጓዙ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ጀምሩ። የሚሰቀለውም መሐል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ወገን ጠጋ ብሎ ነው፤ ያኔ ሌላው ወገን ቀዝቀዝ ይላል። ክቡን ከላይ መሸፈን ከፈለጋችሁ ከአምፖሉ የራቀውን ግማሽ ብቻ ሸፍኑ። ውሃና መኖ የሚቀመጠው አምፖሉ ሥር አይደለም፤ ሙቀቱ የሚያልቅበት ዳር ላይ ነው።

ጫጩት ከመምጣቱ በፊት የሚደረግ

ቴርሞሜትር ግዙ። የትኩሳት መለኪያው አይሆንም፤ አብዛኛው ንባቡን የሚጀምረው ከ35 ዲግሪ ስለሆነ ብርዱን አይነግራችሁም። የክፍል ሙቀት የሚለካውን ወይም ለእንቁላል ማስፈልፈያ የሚሸጠውን ፈልጉ። አምፖሉ ሥር፣ ከጉዝጓዙ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ በጫጩት ጀርባ ልክ አስቀምጡት። ግድግዳ ላይ ከሰቀላችሁት የሚለካው የእናንተን ሙቀት ነው።

ከዚያ ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት አስቀድማችሁ አብሩት። ጉዝጓዙና ወለሉ መሞቅ አለባቸው። የስልካችሁን ማንቂያ ለሌሊት 10 ሰዓት ሙሉና ተነሥታችሁ እዩት። ከ32 በታች ከሆነ አምፖሉን 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉ፣ ወይም ዋቱን ጨምሩ። ይህን ፈተና የሚዘል ሰው ብዙ ነው። እኔ እንዴት እንደ ዘለልኩት ነግሬያችኋለሁ።

ሲደርሱ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ስጧቸው፣ መኖው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይድረስ። የውሃ ዕቃው ውስጥ ጠጠር ጨምሩበት፣ ገብተው እንዳይሰጥሙ።

ጫጩቶቹን ማንበብ

ቴርሞሜትሩ የሚነግራችሁ ስለ አንድ ቦታ ነው። ጫጩቶቹ ግን ስለ ክቡ ሁሉ ይናገራሉ። ስለዚህ በሩ ላይ ሆናችሁ ሳትረብሿቸው አንድ አምስት ደቂቃ ተመልከቱ።

አምፖሉ ሥር ተጨናንቀው፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ፣ ስለት ባለው ድምፅ የሚንጫጩ ከሆነ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው አጥሩ ዳር ተለጥፈው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከተሰበሰቡ ደግሞ ነገሩ የሙቀት ሳይሆን የነፋስ ነው፤ ከተቃራኒው ወገን የሚገባውን ቀዳዳ ፈልጉ። በክቡ ሁሉ ተበትነው፣ ግማሹ ተኝቶ፣ ግማሹ እየጫረ፣ ለስለስ ያለ ጭውጭውታ ከተሰማ እናንተም ሄዳችሁ ተኙ።

የሚያጠራጥር ሲሆን እኔ አንዱን አነሣና እግሩን ጉንጬ ላይ አደርገዋለሁ። እግሩ ከቀዘቀዘኝ በርዶታል ማለት ነው። የጫጩት ማስፈልፈያ ቤቶችም ይህን ያደርጋሉ። ልጆች ግን አይሳሟቸው፤ ነክቶ የወጣም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጫጩት ጤነኛ እየመሰለ ሳልሞኔላ ሊያሲዝ ይችላል።

መቀመጫቸው ላይ ኩስ ተጋግሮ ካያችሁም መጀመሪያ ሙቀቱን ጠርጥሩ፤ ብርድም ሙቀትም ሲበዛ ያመጣዋል። በለብታ ውሃ አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ አውልቁላቸው።

በየሳምንቱ መቀነስ

ሙቀቱን በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። በሁለተኛው ሳምንት 30 ገደማ፣ በሦስተኛው 27፣ በአራተኛው 24፣ በአምስተኛው 21። አምፖሉን ከፍ ማድረግ ይበቃል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። እኛ ጋ ወቅቱ ይለየዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ራሱ 30 ዲግሪ ሊጠጋ ስለሚችል ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቀን ማጥፋት፣ ማታ ማብራት ትችላላችሁ። በጥር ግን እንዳትሞክሩት፤ ቀኑ ቢያታልልም ሌሊቱ አይምርም። በክረምት ደግሞ ከብርዱ በላይ እርጥበቱ ያስቸግራል፣ ጉዝጓዙን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

መብራት ሲሄድ

መሄዱ ስለማይቀር ዝግጅቱ አብሮ ይሠራ። ያን ጠዋት የሞቱትን ስለቅም አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት መጡ። አይተው፣ ከንፈራቸውን መጠጡና «ልጄ፣ መብራት ሳይገባ ጫጩት አያድግም ነበር እንዴ?» አሉኝ። ትልቅ እንቅብ አስመጡ፣ ጭድ ጎዘጎዙበት፣ የቀሩትን 39 ከተቱና አሮጌ ጋቢ ጣል አደረጉባቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ እጄን ሰድጄ ብነካ ውስጡ ሞቋል። መንጫጫታቸውንም አቁመዋል።

የግብርና ባለሙያዎች የሚያስተምሩት የጭድ ሳጥን ማሞቂያም ይኸው ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ጭዱ የሚያደርገው የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት እንዳይወጣ መያዝ ብቻ ነው። አንድ ሳጥን አዘጋጁ። ጎኖቹን 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ጭድ ሙሉ፣ መሐሉን ለጫጩቶቹ ተዉ፣ ከላይ በጭድ የተሞላ ጆንያ እንደ ትራስ ክደኑበት። መተንፈሻ ቀዳዳ አትርሱ። ዋናው ጥንቃቄ አለማጨናነቅ ነው፤ ሁሉም ጎን ለጎን መተኛት አለባቸው።

ተጨማሪ ሙቀት ከፈለጋችሁ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ትኩስ ውሃ ሙሉበት፣ በጨርቅ ጠቅልሉና ክቡ ውስጥ አስቀምጡ። የፈላ ውሃ አይሁን። ማታ ማታ ፔርሙዝ ሙሉ ውሃ አፍልታችሁ ማሳደር ልማድ ይሁናችሁ፤ ሌሊት ከሰል ከማያያዝ ያድናል።

ስለ ከሰል ካነሣሁ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በዝግ ክፍል የተቀመጠ የከሰል ምድጃ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ጫጩቶቹን ከሰው መኝታ ጋር አንድ ክፍል የሚያሳድሩ ቤተሰቦች አሉ። እዚያ ከሰል ማሳደር ጫጩት ለማትረፍ ብሎ ሰው ማጣት ነው። የግድ ከሆነ ከሰሉ ውጭ ጭሱን ይጨርስ፣ መስኮት ይከፈት፣ ሰው ነቅቶ ይጠብቅ፣ ሰው ከመተኛቱ በፊትም ከሰሉ ይውጣ።

ማሞቂያውን ማቆም

ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ጀርባቸውን እዩ። ጠጉሩ አልቆ ላባ ከሸፈናቸው አምፖሉን መጀመሪያ ቀን ላይ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሌሊትም አጥፉት። አውርዳችሁ ግን አታስቀምጡት። እንደ ተሰቀለ ይቆይ። ሦስት ሌሊት ተነሥታችሁ ስታዩ ተበትነው ከተኙ ያን ጊዜ ፍቱት፣ መያዣውን ከአቧራ ጥረጉና ለሚቀጥለው ዙር አኑሩት።