የአያቴ ቤት ግድግዳ ማበጡን ያቆመው ሲሚንቶ አይደለም

ፒያሳ ያለው የአያቴ ቤት በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። በየክረምቱ በመንገዱ በኩል ያለው ልስን ያብጥና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይረግፋል። ሁለት ጊዜ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ብሬን ውሃ በላው።

በሦስተኛው አንድ አዛውንት ግንበኛ መጡ። ልስኑን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረጉት። ባዶ ድምፅ ሰጠ። «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ታፍኗል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ሲሚንቶ መውጫውን ሲዘጋበት ውሃው ውስጥ ይቀርና እንጨቱን ያበሰብሳል። ስናነሳው ማገሩ በጣት ይፈረፈር ነበር።

ግን ከሁሉ በፊት ፈቃድ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገን አይፈቅድም። የመጀመሪያ ማመልከቻዬ ተመለሰ። የአሉሚኒየም መስኮት ጨምሬበት ነበር፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ፎቶ አያይዤ «እንደነበረው» ብዬ ስጽፍ አለፈ።

የበሰበሰው ማገር በጥድ ተተካ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ እስኪቦካ ሰነበተ (ሽታውን ጎረቤት ይመስክር)። በስሱ ሁለት ጊዜ ተለሰነ፣ በደንብ ሲደርቅ ኖራ ተቀባ። ፕላስቲክ ቀለም እንዳትቀቡ፣ እሱም ያፍናል። አሸንዳውንም ቀየርኩ። ለካ ግማሹ ውሃ ከሱ ነበር የሚወርደው።

ክረምቱ አልፏል፣ ልስኑ አልተነቃነቀም። ኖራው ብቻ በረንዳው ሥር ትንሽ ስለታጠበ፣ መስከረም ላይ ደግሜ እቀባዋለሁ።