ፒካፑን ባዶውን አትፈትኑት
የቆየ ፒካፕ ልግዛ ወይስ አዲስ ስቴሽን ዋገን እያላችሁ ከሆነ፣ ሁለቱንም ባዶ ነድታችሁ አትወስኑ። ፒካፑ ኮብልስቶን ላይ ያነጥራችኋል። ይሄ ግን የእርጅና ላይሆን ይችላል። የኋላ ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ስፕሪንግ) ለጭነት ስለተሠራ ባዶውን ድርቅ ይላል። ሁለት ኩንታል ጤፍ ጫኑበትና ከጎንደር ፒያሳ ኮረብታው ላይ ወዳለው ጎሃ ሆቴል አውጡት፤ ያኔ ረገብ ይላል። ስቴሽን ዋገኑንም በተመሳሳይ ክብደት (ሦስት ጓደኛ አሳፍራችሁም ቢሆን) ሞክሩት። ኋላው አብዛኛውን ጊዜ በሞላ (በጥቅልል ስፕሪንግ) ስለሚያዝ ሲጫን ዝቅ ይላል። ዳገቱ ሞተሩንም ያጋልጣል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር አየር ያጥረዋል። ባሌስትራው የተሰነጠቀ ከሆነ ግን እንዳትጭኑበት።