ቸርችል ላይ ተደብቆ ቱሉ ዲምቱን ሲያልፉ የሚነሳ የመኪና ንዝረት እንዴት ይመረመራል?

ከፒያሳ ወደ ለገሃር በሚወርደው የቸርችል ጎዳና ላይ መኪና በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳበት አጋጣሚ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ከ90 እስከ 110 ባለው ፍጥነት ላይ ብቻ የሚነሳ ንዝረት በመሃል ከተማ ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ቱሉ ዲምቱ ላይ የክፍያ ጣቢያውን አልፎ ወደ አዳማ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ ሲይዝ ነው፤ መሪው በእጁ ውስጥ ይንዘፈዘፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይተዋል፣ ደግሞ ይመለሳል። በማግስቱ አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ሲወስደው መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶ ይመለስና «ጋሼ፣ ምንም የለውም» ይለዋል። መካኒኩ አልዋሸም፤ ችግሩ በሚታይበት ፍጥነት ግን አልነዳውም።

በእኔ ኮሮላ ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር። አንድ ጋራዥ በመጀመሪያ ሁለቱን የፊት አሞርዛተሮች (የመንገዱን ንጠት የሚያበርዱትን)፣ ቀጥሎ ጎሚኒዎቹን (በመገጣጠሚያዎች መካከል የሚገቡትን ላስቲኮች) አስቀየረኝ፤ የሶማሌ ተራ ዕቃም የእጅ ዋጋም ተከፍሎ ንዝረቱ እንደነበረ ቀረ። ማንም ክሪክ ከማንሳቱ በፊት ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ይዤ ቢሆን ኖሮ ያ ወጪ ባልመጣ ነበርና፣ ምርመራው ከእስክሪብቶ ይጀምር።

ለሙከራው ጉዞ የሚጽፍልዎት ሰው ከጎንዎ ያስቀምጡ፤ እየነዱ መጻፍም ሆነ ስልክ መነካካት አይገባም። መንገዱ ጭር የሚልበትን የእሑድ ማለዳ ይምረጡ፤ ከመነሳትዎ በፊትም የአራቱ ጎማዎች ንፋስ፣ ጎማዎቹ ሳይሞቁ ተለክቶ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ መሆኑን ያረጋግጡ። ከ70 ተነስተው ፍጥነቱን በየ10 ኪሎ ሜትሩ እያሳደጉ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ሳይለዋወጡ ይቆዩ፤ የተፈቀደው ጣሪያ 120 ስለሆነ ከዚያ ማለፍ አይገባም፣ ከጎማ የሚመጣ ንዝረትም ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ራሱን ስለሚያሳይ አያስፈልግም። ጓደኛዎ የሚመዘግበው ንዝረቱ የጀመረበትን፣ የበረታበትንና የተወበትን ፍጥነት፣ የተሰማው በመሪው ይሁን በመቀመጫው ወይም በወለሉ፣ በዚያ ቅጽበት እግርዎ ነዳጅ ይስጥ፣ ይልቀቅ ወይም ፍሬን ይያዝ፣ እንዲሁም ንዝረቱ መጥቶ እስኪሄድ የፈጀውን ሰከንድ ነው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለሚመጣና ለሚጠፋ ንዝረት ግን ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረው እርሱ ነው።

በዚያው ጉዞ ላይ ሞተሩን ከጎማው የሚለይ ፈተና ያድርጉ። ንዝረቱ በተነሳበት ፍጥነት ላይ ሆነው ማርሹን ከአምስት ወደ አራት ይቀንሱና የመኪናውን ፍጥነት በነበረበት ይጠብቁ፤ የሞተሩ ዙር ይጨምራል፣ የጎማዎቹ ዙር ግን አይለወጥም። ንዝረቱ እንደነበረ ከቀጠለ ምንጩ ከሚሽከረከረው ጎማ ወይም ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ነው፤ ከተለወጠ ወይም ከጠፋ ግን ሞተሩንና ሞተሩን የተሸከሙትን የላስቲክ ድጋፎች ይጠርጥሩ። ሞተር አጥፍቶ መንከባለልን የሚመክሩ አሉ፤ የመሪና የፍሬን እገዛ ስለሚጠፋ ፈጽሞ አይሞክሩት።

ስሜቱ ራሱም ይመሰክራል። 185/65 አር 15 የሚባለው ጎማ ዙሪያው ከ2 ሜትር ጥቂት የሚያንስ ስለሆነ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ይህ በጆሮ የማይሰማ፣ በእጅና በወገብ ብቻ የሚታወቅ መርገፍገፍ ነው። የኋላ ጎማ በሚያሽከረክሩ መኪኖች ላይ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ወደሚያከፋፍለው ሳጥን) የሚሄደው ዘንግ ግን ከጎማው አራት እጥፍ ገደማ ስለሚፈጥን፣ የእርሱ ጉድለት ጫማ ስር እንደ ንብ እምምታ ሆኖ ይሰማል። በጥቅሉ በመሪው ላይ የሚሰማው ከፊት፣ በመቀመጫው የሚሰማው ከኋላ እንደሚመጣ ይያዝ፤ ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣው ደግሞ የፍሬን ዲስክ ውፍረቱ ወጥ አለመሆኑን ያሳያል።

የጎማ አለመመጣጠን መሃል ከተማ ላይ የሚደበቅበት ምክንያት ቀላል ስሌት ነው። በቸርኬው ጠርዝ ላይ 20 ግራም ቢጎድል፣ በ100 ላይ ጎማውን 3 ኪሎ በሚያህል ጉልበት በሰከንድ 14 ጊዜ ይንጠዋል፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ በአራት እጥፍ ስለሚያድግ በ50 ላይ የሚቀረው ሩቡ ነው። ከዚህም ሌላ ጎማውና ስፕሪንጉ በተፈጥሯቸው የሚወዛወዙበት ምት በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ገደማ በመሆኑ፣ የጎማው ዙር ከዚያ ምት ጋር በሚገጥምበት ፍጥነት ንዝረቱ ይበረታል፣ ሲያልፍ ይቀንሳል። «120 ስገባ ይተወኛል» የሚል ሾፌር መኪናው ተሽሎት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ እንምጣ፤ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ንዝረቱ ለምን መጥቶ ይሄዳል? ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጎማዎች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ጉድለት ካላቸው፣ ከባድ ጎኖቻቸው አንዱ ከሌላው ጋር ባላቸው አቀማመጥ መሠረት አንድ ጊዜ ይደማመራሉ፣ ሌላ ጊዜ ይጠፋፋሉ። አንዱ ጎማ ከሌላው በ2 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ቢያንስ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በየ22 ሰከንዱ ገደማ አንድ ጊዜ ይገጣጠማሉ ማለት ነው። ረጅም ኩርባም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ስለሚዞር ከኩርባው የወጡት ጎማዎች በገቡበት አቀማመጥ አይወጡም። በእኔ መኪና አብሮኝ የነበረው ወንድሜ ሦስት ጊዜ ቆጥሮ ሦስቱንም ከ20 ሰከንድ ጥቂት በላይ ሲያገኝ፣ አሞርዛተሩ ያለ ጥፋቱ እንደተነቀለ ገባኝ። እንዲህ እየተመላለሰ በእኩል ጊዜ የሚመጣ ንዝረት ካገኙ አንድ ጎማ ብቻ ባላንስ ማሠራት (ክብደቱን ዙሪያውን ማመጣጠን) አይበቃም፤ ጥንዱ አብሮ መሠራት አለበት።

እኩል ጊዜ የማይጠብቀው ሌላ ታሪክ አለው። በጉዞው መጀመሪያ ኖሮ ከ15 ወይም ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚጠፋው መኪናው ለብዙ ቀን በመቆሙ ጎማው የተረገጠበት ጎን ጠፍጠፍ ብሎ ሲሞቅ የተመለሰ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ከረጅም ጉዞ ወይም ፍሬን ደጋግሞ ከተያዘ በኋላ የሚመጣው ያልላቀቀ ፍሬንን ያመለክታል፤ መኪናውን ደህና ቦታ አቁመው መዳፍዎን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ቢያስጠጉ፣ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ እንደ ምጣድ ሲጋረፍ ይታወቅዎታል። ነዳጅ ሲሰጡ መጥቶ እግርዎን ሲያነሱ ወዲያው የሚጠፋው፣ የፊት ጎማ በሚያሽከረክሩ መኪኖች ላይ፣ በካምቢዮው በኩል ያለው የአክሰል መጋጠሚያ ማለቁን የሚናገር ነው። በክረምት ደግሞ ጭቃ አለ።

ጭቃውን አቃልሎ ማየት አይገባም። ኮብልስቶኑ ባላለቀ የሰፈር መንገድ የገባ መኪና በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ እፍኝ የሚሞላ ጭቃ ይዞ ይወጣል፤ ላቫጆ ቤት የውጪው ብቻ ይታጠብና ቸርኬው ያብረቀርቃል፣ ጭቃው ግን ከጀርባው ደርቆ እንደ ሸክላ ይቀመጣል። ከ20 ግራም ስሌታችን አንጻር ይህ ብዙ ነው። ግማሹ በመንገድ ሲረግፍ ንዝረቱ ይለወጣል፣ ባለቤቱም «ራሱ ዳነ» ይላል። ስለዚህ ጎሚስታ ቤት ከመሄድዎ በፊት ጎማዎቹን አስወልቀው ውስጠኛውን ገጽ በውሃና በብሩሽ ያስጸዱ።

ጎማው ወልቆ እያለ የሚከተለውን ሳያዩ አይመልሱት። መዳፍዎን በጎማው ጥርስና ጎን ላይ ዞር አድርገው ይሂዱ፤ በአንድ ቦታ ላይ እብጠት ወይም ጉብታ ከተሰማዎት ውስጡ ያለው ሽቦ ተላቋልና ያ ጎማ ወደ የፍጥነት መንገድ አይውጣ። በጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይፈልጉ፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 2011 ግንቦት ማብቂያ ገደማ። ቸርኬው መሬት ላይ ተኝቶ ሲታይ የውስጠኛው ከንፈር ጎድጉዶ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ጉዳት መኪናው ላይ እያለ ከውጭ አይታይም። ቸርኬው የሚያርፍበትን የብረት ገጽም ይመልከቱ፤ እዚያ የተጋገረ ዝገት ጎማውን ባላንስ ቢሠራም እንኳ አዘንብሎ ያስቀምጠዋል። ከሌላ መኪና የመጣ ቸርኬ መካከለኛ ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ መሙያ ቀለበት ያስፈልገዋል።

ባላንስ ሲሠራ አጠገብ ይቁሙ፤ ልጁ በቸርኬው ላይ ለማመጣጠኛ የተለጠፈውን አሮጌ የእርሳስ ብረት ሁሉ አንስቶ ከዜሮ እንዲጀምር፣ አዲሱን ከለጠፈም በኋላ ማሽኑን ደግሞ እንዲያዞርና ሁለቱም በኩል ዜሮ ሲል እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ዊል አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አብሮ እንዲሠራ ይመከራሉ፤ አላይመንት መኪናው ወደ አንድ ጎን እንዳይስብና ጎማ እንዳይበላ ይጠቅማል እንጂ ንዝረትን በራሱ አያነሳም፣ ስለዚህ ለዚህ ችግር ሲባል አይክፈሉበት። ዳዶዎቹ በኮከብ ቅደም ተከተል ይጠበቁ፤ ለኮሮላና ለቪትዝ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ በመፍቻው ላይ ቆሞ መዝለል አይደለም። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ድጋሚ ይፈተሹ።

ባላንስ ተሠርቶም ንዝረቱ ከቀረ የፊቶቹን ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት አዛውረው ሙከራውን ይድገሙ። ከመሪው ወደ መቀመጫው ከተዛወረ ጥፋቱ ከጎማው ጋር ሄዷል፤ ከነበረበት ካልተነቃነቀ የጎማ ኩሽኔታ፣ የመሪ መጋጠሚያ ወይም አክሰል መመርመር የሚገባው ያኔ ነው። ንዝረቱ በድንገት ከበረታ፣ በተለይ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ካለው፣ ፍሬን በኃይል ሳይይዙ ፍጥነት ቀንሰው ወደ ዳር ይውጡና ዳዶና ጎማ ይዩ፤ ተሳፋሪዎቹ ከብረት አጥሩ ወዲያ ይቁሙ።

የእኔ ኮሮላ የቀኝ የፊት ቸርኬው በውስጥ በኩል ጎድጉዶ፣ ግራው ደግሞ የባላንስ እርሳሱ ረግፎ ተገኘ። ቸርኬው ተቀየረ፣ ሁለቱ አብረው ባላንስ ተሠሩ፤ በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ወረቀት ገልብጠን በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት ስንሄድ ወንድሜ የሚጽፈው አጥቶ ከ100 ጎን ሰረዝ ብቻ አደረገበት።