የኤ ሌቭል ሶሺዮሎጂ እንዴት ይጠናል? በተለይ ያ ባለ20 ማርክ ጥያቄ

እንግሊዝ አገር ሲክስዝ ፎርም (ኤ ሌቭል የሚማሩበት፣ ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት) ለሚገቡ ልጆች ሶሺዮሎጂ «ሸምድዶ የሚታለፍ ትምህርት» ተብሎ ይነገራቸዋል። አትመኑ። ጂሲኤስኢ (በ16 ዓመት ገደማ የሚወሰደው ፈተና) ላይ ባትወስዱት ችግር የለም፣ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ግን ማርክ የሚሰጠው ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ያወቁትን ከጥያቄው ጋር ማገናኘትና መተቸትም ማርክ አለው።

መጀመሪያ የፈተና ቦርዳችሁን፣ ማለትም ፈተናውን የሚያዘጋጀውን ድርጅት፣ ለዩ። እኔ የምጽፈው ስለ ኤኪውኤ ነው። ሦስት ፈተና አለ፤ እያንዳንዱ 2 ሰዓት፣ 80 ማርክ። ለአንድ ማርክ 1 ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። ባለ30 ማርኩ ድርሰት 45 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በላይ አትስጡት።

ቀጥሎ ማኅበረሰብን የሚያብራሩትን አራት ንድፈ ሐሳቦች፣ ፈንክሽናሊዝምን፣ ማርክሲዝምን፣ ፌሚኒዝምንና ኢንተራክሽኒዝምን በደንብ ያዙ። በየምዕራፉ ይመለሳሉ። ለጥናቶቹ ትንንሽ ካርድ ይበቃል፦ በአንዱ ገጽ የአጥኚው ስም፣ በጀርባው ምን እንዳገኘና ምን እንደሚጎድለው። ለምሳሌ ፖል ዊሊስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 12 የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆችን ከትምህርት ቤት እስከ ሥራ ተከታተለ። ትምህርትን የናቁት ልጆች መጨረሻቸው የጉልበት ሥራ ሆነ። ድክመቱ? 12 ብቻ ናቸው፣ ሁሉም ወንዶች። መጽሐፉን በማድመቂያ ማቅለም ግን ጥናት አይባልም፤ ሰዓት ይበላል እንጂ ጭንቅላት ውስጥ አይቀርም።

አሁን ወደ ከባዱ። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ባለ20 ማርክ ጥያቄ አለ። አንድ የምርምር ዘዴና ከትምህርት ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ ይሰጣችኋል፤ ዘዴው ለዚያ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚሆን ገምግሙ ይላል። ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። «መጠይቅ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ጥልቀት ግን የለውም» እያለ ያንበለብላል። ሁሉም ልክ ነው። ግን ይኸው መልስ ስለ እስር ቤትም ስለ ሆስፒታልም ቢጠየቅ ያገለግላል፤ ስለዚህ ከፍተኛው ማርክ ጋ አይደርስም።

ጉዳዩ ወላጆች በልጆቻቸው ትምህርት ያላቸው ተሳትፎ፣ ዘዴው የጽሑፍ መጠይቅ ነው እንበል። ከመጻፋችሁ በፊት ሰዎቹን አስቧቸው። ወረቀቱ ቤት የሚደርሰው በልጁ ቦርሳ ከሆነ ከደብተር ሥር ተጨማዶ ሊቀር ይችላል። ቢደርስስ ማን ይሞላዋል? ሌሊት ጽዳት ሠርታ ጠዋት የምትገባ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚከብዳት እናት ላትመልሰው ትችላለች፤ ለልጇ ትምህርት ግን ትጨነቃለች። ጊዜውም ቋንቋውም ያላቸው ብቻ ከመለሱ ናሙናው ሁሉንም ወላጅ አይወክልም። የመለሱትስ? «ልጅዎን የቤት ሥራ ያግዛሉ?» ሲባል «አላግዝም» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ መልሱ ከእውነታው ሊርቅ ይችላል። በሌላ በኩል ስም የማይጻፍበት ወረቀት ከፊት ለፊት ቃለ መጠይቅ ይልቅ እፍረቱን ይቀንሳል። ይህን ሲጨምሩበት ግምገማ ሆነ።

ለእናቱ የትምህርት ቤት ደብዳቤ እያነበበ ያደገ የሐበሻ ልጅ ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ይጠቀምበት። «እናቴ» ብሎ ሳይሆን «እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ወላጆች» ብሎ ይጻፈው።

ጥናቱ በተማሪዎች ላይ ከሆነ ጥያቄዎቹ ይቀየራሉ። ርዕሰ መምህሩ ያስገባል? ወላጅ ይፈቅዳል? ልጁ አጥኚውን እንደ ሌላ አስተማሪ አይቶ ዝም ይል ይሆን?

የጻፋችሁትን ለመፈተሽ አንዱን አንቀጽ አውጡና ጉዳዩን በሌላ ቀይራችሁ አንብቡት። አሁንም ካስኬደ ከጉዳዩ ጋር አልተያያዘም ማለት ነው፤ እንደገና ጻፉት።

ከዚያ ልምምድ ነው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ከነማርክ አሰጣጣቸው ቦርዱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ከኢንተርኔት የተዘጋጀ መልስ መሸምደድን አልመክርም፤ ጉዳዩ በየፈተናው ስለሚለዋወጥ አይገጥምላችሁም። ሰዓት ላይ 30 ደቂቃ ሙሉና በእጃችሁ ጻፉ። ቀጥሎ ከማርክ አሰጣጡ ጋር አስተያዩና ለአስተማሪያችሁ ስጡ።