የኤሌክትሪክ መኪና በደሴ ሲረከቡ፦ ከቁልፉ ጋር አካውንቱንም

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ የመኪና ገዢ ጥያቄ ተለውጧል። ቀድሞ መካኒክ ይዞ ሄዶ፣ ኮፈን አስከፍቶ የጭሱን መልክ ማየት ይበቃ ነበር። አሁን መኪናው ሲም ካርድ ያለው፣ ከአምራቹ ጋር የሚነጋገር ኮምፒውተር ስለሆነ ምርመራው ከስክሪኑ ይጀምራል።

አንድ ዘመዴ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ አጅቤው ነበር። ሊብሬውን፣ ሁለቱን ቁልፎችና የቻርጅ ገመዱን ቆጥረን ተረከብን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፒያሳ አቁመነው ማኪያቶ እየጠጣን ሳለ መብራቱ ብልጭ ብሎ በሮቹ ተከፈቱ። ለካ የቀድሞው ባለቤት ልጅ በአጠገቡ እያለፈ ኖሯል፤ ስልኩ እንደ ቁልፍ የተመዘገበ በመሆኑ መኪናው በብሉቱዝ አውቆት ነው። ልጁም እንደኛው ደነገጠ።

ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ሻጩ መኪናውን ከራሱ አካውንት እንዲያስወጣ፣ የተመዘገቡ ስልኮችን በሙሉ እንዲሰርዝና ስክሪኑን ወደ ፋብሪካ ይዞታው እንዲመልስ ያድርጉ፤ የእርስዎን ስልክም እዚያው ያስመዝግቡ። አንዳንድ አምራቾች የማረጋገጫ ኮዱን የሚልኩት ለቀድሞው ባለቤት ስልክ ስለሆነ፣ ይህ ሻጩ አጠገብዎ ሳለ እንጂ ከተለያያችሁ በኋላ የሚሠራ አይደለም። ቀጥሎ ከስልክዎ ኢንተርኔት አጋርተው መኪናው መገናኘቱንና የሶፍትዌር ማደሻ ገጹ መከፈቱን ይሞክሩ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ውስጥ ያለው ሲም እዚህ ላይሠራ ይችላል፤ ማደሻ ካልደረሰው ደግሞ የሶፍትዌር ስህተቱ ሳይታረም አብሮት ይኖራል።

መኪናው እየነዱት ስለሚያሰማው የማስጠንቀቂያ ጩኸት ደግሞ ብዙ ሰው ያማርራል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የሚመዘገብ አዲስ መኪና ሁሉ የፍጥነት ወሰን አስጠንቃቂና የአሽከርካሪ ድካም መከታተያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ ፍጥነት አስጠንቃቂው ቢጠፋም መኪናው እንደገና ሲነሳ ተመልሶ እንዲበራ የሚያዝዘው ያው ሕግ ነው። ስለዚህ ለዚያ ገበያ በተሠራ መኪና ላይ ትናንት ያጠፉት ድምፅ ዛሬ ጠዋት ቢመለስ ብልሽት አይደለም። ከሜኑው በየዕለቱ ማጥፋት አሰልቺ ቢሆንም፣ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄደው የፊት መስታወቱን ካሜራ አያስነቅሉ፤ በብዙ መኪኖች ላይ ሰው ድንገት ሲገባ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት የሚያየው በዚያው ካሜራ ነው።

ቻርጅ ማድረጊያው ቀይ መብራት አሳይቶ እምቢ ካለ መኪናውን ከመውቀስዎ በፊት ግድግዳውን ይጠርጥሩ። በቆዩ ቤቶች ሶኬቱ ግራውንድ ላይኖረው ይችላል፤ መሣሪያውም ያለ ግራውንድ ኤሌክትሪክ እንዳያሳልፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ግራውንድ ያስቀብሩ፤ ከቆጣሪው የሚመጣ ለብቻው የሆነ ወፍራም መስመርም ያስዘርጉ። በ220 ቮልት 10 አምፔር የሚሰጥ ሶኬት ሌሊቱን ለ10 ሰዓታት ቢሞላ የሚሰጠው 22 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ለከተማ መመላለሻ ይበቃል።

የእኛ አገር ልዩ ጉዳይ ግን ቁልቁለቱ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በከፍታ 600 ሜትር ገደማ ይበላለጣሉ። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ሽቅብ ሲወጣ ከተለመደው ፍጆታ በላይ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ነገር ግን ደሴ ላይ 100 በመቶ ሞልተው ከወረዱ ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ይህ መያዣ ይላላል፤ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ፍሬኑ ብቻ ይሆናል፣ ኩርባው ላይም ይግላል። ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱ ከሆነ በአፕሊኬሽኑ የቻርጅ ወሰኑን 85 በመቶ ላይ ያድርጉት። አምራቹ አልፎ አልፎ ሙሉ በሙሉ ይሞላ ካለ፣ ኮምቦልቻ አድረው ሽቅብ በሚመለሱበት ቀን ይሙሉት።

በዚህ መንገድ ከኋላዎ የተጫነ አይሱዙ መከተሉ አይቀርም፤ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው (ስሙ እስካሁን አልተለወጠም) ሲያነሱ የመኪናው ፍጥነት ቢቀንስም የስቶፕ መብራት ላይበራ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የፍሬን ደንብ መብራቱን የሚያስገድደው ፍጥነቱ በየሰከንዱ ከ1.3 ሜትር በሰከንድ በላይ ሲቀንስ ነው፤ ከ0.7 እስከ 1.3 ባለው ለአምራቹ የተተወ ነው፣ ከ0.7 በታች ግን መብራቱ አይበራም። አመሻሽ ላይ ሰው ከኋላ በሌላ መኪና አስከትለው ያሳዩ፤ መብራቱ ዘግይቶ የሚበራ ከሆነ ኩርባ ከመድረስዎ በፊት ፍሬኑን በእግርዎ ነካ ያድርጉት።