የስኳር ሕመም ላለባት ድመት አዲስ ኢንሱሊን እንዴት ይመረጣል?

ድመትዎ ኢንሱሊን እየተወጋችም ውኃ መጠጣቷና መሽናቷ ካልቀነሰ፣ ክብደቷ እየወረደ ከሄደ፣ ወይም የለመደችው መድኃኒት ከጅማ ፋርማሲዎች ከጠፋ ስለ ለውጥ ማሰብ የግድ ነው። ጅማ ለሚኖር ሰው የምመክረው ሁለት ነገር እንዲያይ ነው፤ ኢንሱሊኑ በድመት ሰውነት ውስጥ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ይቆይ፣ ሳይቋረጥም ይገኝ። የቱንም ያህል የተመሰገነ መድኃኒት ቢሆን፣ በሰው እጅ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድመቷ ሳትወጋ የምትሰነብት ከሆነ አልመርጠውም።

በመጀመሪያ ጥፋቱ በእርግጥ የኢንሱሊኑ መሆኑን ያጣሩ። ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ የሰነበተ ብልቃጥ ይደክማል፤ በረዶ ቤቱን ተጠግቶ በረዶ የሠራውማ ጨርሶ ይጣላል። ለማሳከክ ወይም ለእብጠት የሚሰጡት ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ፤ የድድ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም እንዲሁ። ምግቧንም ይመልከቱ። በወተት የራሰ እንጀራ ወይም ዳቦ ለዚህ ሕመም አይስማማም፤ ሥጋና ዓሣ ይሻላታል። ይሁን እንጂ ምግቡ ሲቀየር የኢንሱሊን ፍላጎቷ በፍጥነት ሊወርድ ስለሚችል ለሐኪሙ ሳይነግሩ በአንድ ጊዜ አይቀይሩ።

ቀጥሎ አማራጮቹን ከእንስሳት ሐኪም ጋር ይመዝኑ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ስለሚያስተምር ባለሙያ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። ለድመት በስፋት የሚመከሩት ግላርጂንና ፕሮታሚን ዚንክ ኢንሱሊን ናቸው። ግላርጂን ለሰው የተሠራ ሲሆን ላንተስ በሚባለው ስም ይታወቃል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሰጥ የድመትን ስኳር ረጋ አድርጎ ይይዛል። ፕሮታሚን ዚንክ ደግሞ ለእንስሳት ተብሎ ይዘጋጃል። ካኒንሱሊን የሚባለው ከአሳማ የሚገኝ ኢንሱሊንም በድመት ላይ ይሠራል፤ በብዙ ድመቶች ግን ቀኑን ሙሉ አይዘልቅም። ኤን ፒ ኤች (NPH) የሚባለው ደመናማ ኢንሱሊን ለሰው ሕክምና የተለመደ ቢሆንም በድመት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ስኳሯን በድንገት አውርዶ፣ ቀጣዩ መርፌ ሳይደርስ መልሶ ያወጣዋል። ሌላ ከሌለ ያለ ኢንሱሊን ከመዋል ይሻላል፤ ምርጫ ካለ ግን ግላርጂንን ያስቀድሙ። 70/30 የሚል ጽሑፍ ያለበት ድብልቅ ኢንሱሊን ግን ቶሎ የሚሠራ ኢንሱሊን ስለተቀላቀለበት ለድመት አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ሲሪንጁ ነው። ላንተስና ኤን ፒ ኤች በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት (የኢንሱሊን መጠን መለኪያ) ይይዛሉ፤ ካኒንሱሊንና ለእንስሳት የሚዘጋጀው ፕሮታሚን ዚንክ ደግሞ 40። ለባለ 100 የሚሠራው ሲሪንጅ ብዙውን ጊዜ ብርቱካናማ ክዳን አለው፤ ለባለ 40 የሚሠራው ቀይ። ባለ 100 ኢንሱሊን በባለ 40 ሲሪንጅ እስከ 1 ምልክት ቢቀዳ ድመቷ የምትወጋው 2.5 ዩኒት ነው። ይህ ሊገድላት ይችላል። በክዳኑ ቀለም ብቻ አይመኑ፣ በሲሪንጁ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። ሌላም ችግር አለ፤ ባለ አንድ ሚሊ ሊትሩ ሲሪንጅ ብዙውን ጊዜ በየ2 ዩኒቱ የተሰመረ ስለሆነ 1 ዩኒት በእርሱ በትክክል አይለካም። 0.3 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን፣ ቢቻል የግማሽ ዩኒት መስመር ያለውን ይፈልጉ። ግላርጂንን በውኃ አቅጥኖ ወይም ከሌላ ኢንሱሊን ጋር ቀላቅሎ መለካት አይፈቀድም።

ስትገዙም ቤት ውስጥ ለታመመ ሰው ከመጣው ኢንሱሊን ለድመቷ አትቀንሱ፤ የእርሷ ለብቻ ይገዛ። ከፋርማሲ ቤት ለማድረስም ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልሎ ቀዝቃዛ ነገር በያዘ ዕቃ ውስጥ ማድረግ ነው፤ በረዶው በቀጥታ እንዳይነካው።

ለውጡ ሲጀመር የአሮጌው መርፌ ሰዓት ሲደርስ በእርሱ ምትክ አዲሱን ይስጡ፤ ሁለቱን በአንድ የመርፌ ሰዓት አያደራርቡ። የቀድሞው መጠን ከፍተኛ ቢሆንም አዲሱ ከትንሽ ይጀመራል፤ ብዙ ሐኪሞች በየ12 ሰዓቱ 1 ዩኒት ያህል ያዛሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ከሆነ ማታም 1 ሰዓት። ድመቷ ምግብ ከከለከለች ወይም ካስታወከች ከመውጋትዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ። ለአዲሱ ኢንሱሊን ከ5 እስከ 7 ቀን ሳይሰጡ መጠኑን አይጨምሩ።

ከዚያ ስኳሯን በቤት ይለኩ፤ ክሊኒክ ስትሄድ ደንግጣ ስኳሯ ሊጨምር ይችላል። ጆሮዋን በሞቀ ጨርቅ ካሞቁ በኋላ ጠርዙን ወጋ አድርገው አንዲት የደም ጠብታ በስኳር መለኪያው ይያዙ። ከመርፌው በፊት ጀምሮ በየ2 ሰዓቱ እስከ 12 ሰዓት ተለክቶ ዝቅተኛው ቁጥር ከ80 እስከ 150 ሚሊግራም በዴሲሊትር ቢሆን መልካም ነው። የሰው መለኪያ የድመትን ስኳር ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል ሐኪሙ ያውቅ ዘንድ በምን እንደለኩ ይንገሩት።

ድመቷ ከተንገዳገደች፣ ከደከመች ወይም ከተንቀጠቀጠች ስኳሯ ወርዷል ብለው ይጠርጥሩ። መዋጥ ከቻለች ወዲያው ያብሏት፤ ካልቻለች ማር ድዷ ላይ ይቀቡና ወደ ሐኪም ይሩጡ። ለዚህ የሚሆን የጅማ ማር ሁልጊዜ ከመርፌው አጠገብ ይኑር።

በጊዜ የተጀመረ ሕክምናና የተስተካከለ ምግብ አንዳንድ ድመቶችን ከኢንሱሊን እስከ ማላቀቅ ይደርሳል። ቁጥሮቹ ዝቅ እያሉ ከመጡ መርፌውን በራስዎ አያቁሙ፤ የመዘገቡትን ይዘው ይሂዱና ሐኪሙ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ይቀንስላት።