የፕሮግራሙ መስኮት ደርቆ ሲቀር፦ ቱልኪት ከመቀየር በፊት

ምልክቱ፦ ተጠቃሚው አዝራሩን እንደተጫነ መስኮቱ ይደርቃል፤ ዊንዶውስ ላይ ነጣ ብሎ «ምላሽ እየሰጠ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ይወጣበታል፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይመለሳል። ብዙ ፕሮግራመሮች በቱልኪቱ፣ ማለትም መስኮትና አዝራር በሚሠራላቸው ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ ያሳብባሉ። ቲኪንተር ከተባለው ቱልኪት ኪውት ወደተባለው ለመሸጋገር ሙሉውን ኮድ እንደ አዲስ ጽፎ፣ አዲሱም መስኮት በዚያው አዝራር የደረቀበት ቡድን አጋጥሞኛል።

መንስኤው፦ በቲኪንተርም ሆነ በኪውት፣ በጂቲኬም ሆነ በስዊንግ መስኮቱን የሚስለውና ጠቅታውን የሚቀበለው አንድ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ትእዛዞችን በተራ የሚፈጽም የሥራ መስመር) ነው፤ እሱ ትልቅ ፋይል በማንበብ ወይም የሰርቨር መልስ በመጠበቅ ከተያዘ መስኮቱን የሚስል አይኖርም።

መፍትሄው፦ ረጅሙን ሥራ ለሌላ ትሬድ መስጠትና ውጤቱን ቱልኪቱ ባዘጋጀው መንገድ መመለስ ነው፤ ይኸውም በኪውት በሲግናልና (በሚላክ መልእክት) በስሎት (መልእክቱን በሚቀበል ፈንክሽን)፣ በደብልዩኤክስፓይተን በኮልአፍተር፣ በጂቲኬ በአይድል አድ፣ በስዊንግ በስዊንግወርከር፣ በጃቫኤፍኤክስ በራንሌተር ሲሆን፣ በቲኪንተር ግን ውጤቱን ኪዩ (ወረፋ) ውስጥ አስቀምጦ ዋናው ትሬድ በአፍተር እየተመላለሰ እንዲያነበው ማድረግ ያዋጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ረጅሙን ሥራ ከሚሠራው ከሠራተኛው ትሬድ ሆኖ ጽሑፍም ሆነ አዝራር በቀጥታ መንካት ፈጽሞ አይገባም። ማክ ላይ ፕሮግራሙ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይወድቃል፤ ሊኑክስ ላይ ግን ለሳምንታት ደህና ሠርቶ ደንበኛው ፊት ሊወድቅ ይችላል፤ የከፋውም ይህ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ከሉፕ መሃል የተጠራቀሙ ጠቅታዎችን የሚያስተናግዱትን የኪውቱን ፕሮሰስኢቨንትስ ወይም የቲኪንተሩን አፕዴት እየጠሩ መስኮቱን ማነቃቃት የሰነፍ ጥገና ነው። ባየሁት አንድ የመዝገብ ፕሮግራም ላይ ተጠቃሚው ትዕግሥት አጥቶ አዝራሩን ደጋግሞ ሲጫን፣ እያንዳንዱ ጠቅታ ያላለቀውን ሥራ ከመሃሉ እንደገና ስላስጀመረው አንዱ መዝገብ ዳታቤዝ ውስጥ ተደራርቦ ገብቶ ነበር። ሥራው እስኪያልቅ አዝራሩን ማሰናከል እንኳ አልታሰበም።

ትሬድ ከተጨመረ በኋላም መስኮቱ የሚደርቅ ከሆነ ሁለት ነገር ይፈተሽ። የኪውትን የትሬድ ክላስ ኪውትሬድን በመውረስ የተጻፈ ክላስ ስሎቶቹ የሚሠሩት ዕቃው በተፈጠረበት ትሬድ ላይ ስለሆነ፣ ሠራተኛውን ለብቻው ጽፎ በሙቭቱትሬድ ማዛወር ይሻላል። በተለመደው ፓይተን ደግሞ ከባድ ስሌት ጂል የተባለውን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የፓይተን ኮድ እንዲያስኬድ የሚያደርገውን መቆለፊያ ስለሚሻማ መስኮቱ ይንቀረፈፋል፤ ለዚህ የሚበጀው ሌላ ፕሮሰስ (የራሱ መቆለፊያ ያለው፣ ለብቻው የሚሄድ ፕሮግራም) ነው።

ከመድረቅ ሌላ በቱልኪት የሚሳበቡ ሁለት ችግሮች አሉ። ቲኪንተር ላይ ሥዕል ከጠፋ ሥዕሉ የተጫነበትን ፎቶኢሜጅ የያዘ ቫሪያብል ስለሌለ ነው፤ ይያዝ። ባለ ከፍተኛ ጥራት ስክሪን ላይ ኪውት 5 ሁሉን ነገር ካሳነሰ፣ የሃይ ዲፒአይ ማስተካከያው አፕሊኬሽኑ ከመፈጠሩ በፊት ይብራ፤ ኪውት 6 ላይ በርቶ ነው የሚመጣው።